ስድስት ሰርኪዩት፣ አንድ የሚጣል ውጤት፦ የልምምድ ሰዓታችሁን የት ታውሉታላችሁ?

በኮምፒውተር የመኪና ውድድር ጨዋታ በኢንተርኔት የምንወዳደርበት ሊግ የቀጣይ ወቅት ዝርዝር ስድስት ሰርኪዩት (የውድድር መንገድ) አለው፦ ሞንዛ፣ ካያላሚ፣ ሱዙካ፣ ላጉና ሴካ፣ ስፓ እና ባትረስት። ጨዋታው አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ፣ መኪናው ጂቲ3 (ከመንገድ መኪኖች የተሠራ የውድድር መኪና ዓይነት)፣ እያንዳንዱ ውድድር 60 ደቂቃ ነው። ከስድስቱ ውጤት ምርጥ አምስቱ ይቆጠራሉ፣ የቀረው ይጣላል። ዝርዝሩን ያየ ሁሉ ወዲያው «እኔ ባትረስትን ነው የምጥለው» ይላል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ ለሚወዳደር ሰው ግን ይህ ውሳኔ ቸኩሎ የሚወሰን አይደለም። ምክንያቱን ሰርኪዩቶቹን ካየን በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ምን እንዳላችሁ እዩ። ሞንዛና ስፓ ከጨዋታው ጋር አብረው ይመጣሉ። ካያላሚ፣ ሱዙካ፣ ላጉና ሴካና ባትረስት በ2020 በወጣው ኢንተርኮንቲኔንታል ጂቲ ፓክ ውስጥ ናቸው፤ አንዴ ሲገዛ አራቱም ይከፈታሉ። ፓኩ የሌለው ሰው ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ስለ መኪና ማስተካከያ ከመጨነቃችሁ በፊት እሱን ጨርሱ። ክፍያውን ውጭ ያለ ዘመድ የሚፈጽምላችሁ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ንገሩት። ማውረዱንም ሌሊት አድርጉት፤ በውድድሩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ማውረድ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገባው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው።

በአንድ ሰዓት ስንት ዙር?

ጌም ቤት ስቲሪንግ ያለው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የሚከፍለው በሰዓት ነው። ቤቱ መሣሪያው ያለውም የሚለማመደው መብራት እስካለ ድረስ ነው። ስለዚህ የሰርኪዩት ርዝመት በቀጥታ ኪስ ይነካል። መካከለኛ ፍጥነት ያለው ሰው በጂቲ3 የሚነዳውን ሰዓት ብንወስድ፣ ላጉና ሴካ (3.602 ኪ.ሜ) በ1 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ አካባቢ ይዞራል፤ በሰዓት 42 ዙር ማለት ነው። ካያላሚ በ1፡45 ሲዞር 34 ዙር፣ ሞንዛ (5.793 ኪ.ሜ) በ1፡50 ሲዞር 32፣ ሱዙካ (5.807 ኪ.ሜ) በ2፡03 ሲዞር 29፣ ባትረስት (6.213 ኪ.ሜ) በ2፡05 ሲዞር 28 ዙር ይሰጣሉ። ስፓ (7.004 ኪ.ሜ) በ2፡21 ሲዞር 25 ዙር ብቻ ነው። አንድን ኩርባ 100 ጊዜ ለመሞከር ላጉና ላይ ሁለት ሰዓት ከሃያ ይበቃል፣ ስፓ ላይ አራት ሰዓት ይፈጃል። ረጃጅሞቹ ላይ ሙሉ ዙር ደጋግሞ መንዳት ውድ ልምምድ ነው፤ የሚያስቸግሯችሁን ሁለት ወይም ሦስት ኩርባዎች ለይታችሁ በእነሱ ላይ አተኩሩ፣ ሌላውን ዝም ብላችሁ እለፉ።

ኔትወርኩ የትኛው ሰርኪዩት ላይ ይጎዳል?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው ግጭት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰርቨሩ አውሮፓ ውስጥ ከሆነ መልእክቱ ከ5 ሺህ ኪ.ሜ በላይ ሄዶ ይመለሳል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪ.ሜ ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ብቻ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። መስመሩ ደግሞ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ ይበልጣል።

ጨዋታው ይህን ክፍተት የሚሞላው በመገመት ነው። የፊተኛው መኪና የላከውን የመጨረሻ መረጃ ይዞ «በዚሁ ፍጥነት እየቀጠለ ነው» ብሎ ይስልላችኋል። ሰውየው ቀጥታ ላይ እስካለ ግምቱ ልክ ነው። ፍሬን የረገጠ ለታ ግን የእናንተ ስክሪን ገና አልሰማም። ጂቲ3 በሙሉ ፍሬን በየሰከንዱ 54 ኪ.ሜ በሰዓት ያህል ፍጥነት ይጥላል ብለን ብናሰላ፣ መረጃው በ150 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ መኪናው ካለበት ቦታ 17 ሳንቲሜትር ርቆ ይታያችኋል። በ300 ሲዘገይ 68 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሁለት ሦስት መልእክት ጠፍቶ ግማሽ ሰከንድ ከሞላ ስህተቱ ወደ 1.9 ሜትር ይደርሳል። መዘግየቱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ስለዚህ 180 ሚሊሰከንድ ላይ የረጋ ፒንግ (የመልእክቱ ደርሶ መልስ ጊዜ) ከ90 እስከ 400 ከሚዘልል ፒንግ በብዙ ይሻላል።

ከውድድሩ በፊት 200 ጊዜ ፒንግ አድርጉና የጠፋውን ቁጠሩ። ከ2 በላይ ከጠፋ በዋይፋይ አትወዳደሩ፤ ኬብል ከራውተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ዘርጉ፣ የቤቱን ስልኮች ሁሉ ከኔትወርኩ አውጡ፣ የዊንዶውስ ማሻሻያውንም አስቁሙ። በኬብልም ካልቀነሰ ትልቅ ፍሬን ያለበት ቦታ ሁሉ ከፊተኛው መኪና ጀርባ በቀጥታ አትሁኑ። ግማሽ መኪና ያህል ወደ ጎን ውጡ፤ መኪናው ድንገት ወደ ኋላ ቢዘልባችሁ በጎኑ ታልፉታላችሁ።

በዚህ ሚዛን ክፉው ሞንዛ ነው። ስፓና ባትረስት ይከተሉታል። ሱዙካ ላይ አደጋው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ ጠባቧ መመለሻና የመጨረሻው ቺኬን (ፍጥነት የሚያስቀንስ ጠባብ የግራ ቀኝ ኩርባ)። ካያላሚና ላጉና ላይ ፍጥነቱ ስለማይከብድ ቀለል ይላል።

ሞንዛ፦ ለመማር ቀላል፣ ለመወዳደር ከባድ

ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ የሚሉትን ቃላት የወሰድነው ከጣልያን ነውና ሞንዛ ለእኛ በቃል እንኳ ቅርብ ነው። በ1922 የተከፈተ ሰርኪዩት ነው፤ ኩርባው 11 ብቻ ስለሆነ መንገዱን ለማወቅ አንድ ሰዓት ይበቃል። ችግሩ ያለው በሰው መካከል ሲነዳ ነው። ከመነሻው ጀምሮ ሁሉም ነዳጁን ረግጦ መጥቶ በ2ኛ ማርሽ ወደሚታለፈው የመጀመሪያ ቺኬን ይገባል። ብቻችሁን ስትሆኑ የ150 ሜትር ምልክት አካባቢ ፍሬን መርገጥ ይበቃል። የመጀመሪያው ዙር ላይ ግን ከ200ው ምልክት ጀምሩ፤ ምክንያቱም ፊታችሁ ያለው መኪና አየሩን ስለሚከፍትላችሁ ከልምምዱ በፈጠነ ፍጥነት ትደርሳላችሁ፣ ጎማውና ፍሬኑም ገና ቀዝቃዛ ናቸው። ልምምድ ላይ በ150 የለመደ እግር እዚህ ላይ ሦስት መኪና ይዞ ይሄዳል።

ቺኬኑን ባትይዙት በግድ ለመታጠፍ አትታገሉ። ቀጥ ብላችሁ በማምለጫው ውጡና ቀስ ብላችሁ ተመለሱ፤ የምታጡት ጥቂት ሰከንድ ነው። ከሁለቱ የሌስሞ ኩርባዎችና ከፓራቦሊካ ኩርባ ስትወጡ አራቱም ጎማ ከመስመር እንዳይወጣ ተጠንቀቁ፤ ማስጠንቀቂያው ተጠራቅሞ ቅጣት ይሆናል።

ካያላሚ፦ ሰዓቱን በደንብ የሚመልስ

ደቡብ አፍሪካ፣ በጆሃንስበርግና በፕሪቶሪያ መካከል ያለ፣ ወደ 4.5 ኪ.ሜ የሚረዝምና 16 ኩርባ ያለው ሰርኪዩት ነው። ፎርሙላ 1 እዚህ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1993 ነው። ከሌሎቹ ያነሰ ሰው ይለማመድበታል፤ ስለዚህ እዚህ የምታውሉት ሁለት ሰዓት ከየትኛውም ቦታ የበለጠ ደረጃ ያሻሽላል። ሞንዛ ላይ ሁሉም ሺህ ዙር ነድቷል፣ እናንተ ሁለት ሰዓት ብትጨምሩ ማንም አያስተውለውም።

ጊዜ የሚሰጡት ሁለት ቦታዎች ናቸው። ሰንሴት ጉብታ ላይ ስለሆነ መውጫው ከመግቢያው አይታይም፤ መሪውን መውጫውን ሳታዩ ማዞር አለባችሁ። ሊውኮፕ ከላይ ነው፣ ከእሱ በኋላ መንገዱ በማይንሻፍት በኩል በፍጥነት ይወርዳል። ሊውኮፕን ትንሽ ዘግይታችሁ ገብታችሁ ቀጥ ብላችሁ ከወጣችሁ ቁልቁለቱን በሙሉ ነዳጅ ትጀምራላችሁ። ማይንሻፍት ውስጥ ነዳጁን በድንገት የሚለቅ ሰው የኋላ ጎማው ይቀልና ይሽከረከራል።

ሱዙካ፦ ሰዓት የሚበላ፣ ግን የሚከፍል

በ1962 የተከፈተ፣ 18 ኩርባ ያለው፣ ራሱን በድልድይ የሚያቋርጥ የ8 ቁጥር ቅርጽ ነው። ስለዚህም ግራና ቀኝ ጎማ ከሞላ ጎደል እኩል ይሠራሉ። ሞንዛ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር የግራ ጎማ ይበልጥ ይሞቃል፣ ላጉናና ባትረስት በተቃራኒው ስለሚዞሩ የቀኙ ይሞቃል። የደረቅ ጎማ የአየር ግፊት አራት አምስት ዙር ተነድቶ ሲሞቅ ከ26 እስከ 27 ፒኤስአይ እንዲሆን ፈልጉ፤ ሱዙካ ላይ ከሁለቱም ጎን በተቀራራቢ ቁጥር ጀምሩ፣ ሌሎቹ ላይ የሚሞቀውን ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ግፊቱ በ1 ፒኤስአይ ያህል ይወርዳል፤ ቀን የተለማመዳችሁበትን ማስተካከያ ለማታ ውድድር እንዳለ አታስገቡት።

ዋናው ሥራ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ከሁለተኛው ኩርባ በኋላ ተከታታይ የኤስ ኩርባዎች ሽቅብ ይወጣሉ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። አንዱን አብዝታችሁ ብትገቡ የሚቀጥለው መግቢያ ይጠፋል፣ እሱም የሚቀጥለውን ያበላሻል፤ የመጀመሪያው ላይ ያተረፋችሁት አንድ አሥረኛ ሰከንድ አራተኛው ላይ ግማሽ ሰከንድ ሆኖ ይወጣል። ልምምዱ እንዲህ ይሁን፦ የመጀመሪያዎቹን 10 ዙሮች የኤሶቹ መግቢያ ላይ ከምትችሉት ዝቅ አድርጋችሁ፣ መኪናው ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ኩርባ በሚመቸው ጎን እንዲቆም ብቻ ንዱ። መስመሩ ሲረጋ በየአምስት ዙሩ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። በተቃራኒው፣ ፈጥኖ ጀምሮ ለማስተካከል የሚሞክር ሰው 50 ዙር ነድቶም መስመሩን አያገኘውም።

ዴግነር ሁለት ኩርባ ነው። አንደኛው ፈጣን ነው፣ ሁለተኛው ከድልድዩ በፊት ጠበብ ይላል፤ አንደኛው ላይ ውስጠኛውን የጠርዝ ድንጋይ አብዝቶ የወጣ መኪና ሚዛኑን ሳያገኝ ሁለተኛው ይደርስበትና ወደ ጠጠሩ ይገባል። ስፑን ላይ የሚቆጠረው መውጫው ነው፤ ከዚያ በኋላ 130 አር እስከሚባለው ኩርባ ድረስ ረጅም ቀጥታ አለ። ማለፍ የምትችሉት መጀመሪያ ኩርባ፣ መመለሻና ቺኬን ላይ ነው። ሌላ ቦታ አትሞክሩ፤ ቦታ ስለማይበቃ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ።

ላጉና ሴካ፦ ለትንሽ ሰዓት ምርጥ

ካሊፎርኒያ ያለ፣ በ1957 የተከፈተ ሰርኪዩት ነው። 11 ኩርባ አለው፤ ሁሉም የሚያውቀው ኮርክስክሩ በ137 ሜትር መንገድ ውስጥ 18 ሜትር ይወርዳል፣ እንደ አምስት ፎቅ ሕንፃ። ፍሬኑን ዳገቱ ላይ እያላችሁ ጨርሱ፤ ዳገቱ ራሱ ይይዝላችኋል። ጫፉ ላይ ደርሶ ገና ፍሬን የያዘ መኪና ሲወርድ የፊት ጎማው አይታዘዝም።

አጭርነቱ ግን ሌላ ዋጋ አለው። አንደኛ ላይ ያለው ሾፌር በ1፡23 ቢዞርና እናንተ በ1፡29 ብትዞሩ ወደ 15ኛው ዙር ሲደርስ ይደርስባችኋል። በአንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ያልፋችኋል፣ ለሦስተኛ ጊዜም ይጠጋችኋል። በዚያው መጠን የሚዘገይ ሰው ስፓ ላይ የሚታለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ላጉናን ስትለማመዱ ሰማያዊ ባንዲራ (ፈጣኑን አሳልፉ የሚል ምልክት) ሲመጣ የት እንደምታሳልፉ አስቀድማችሁ ወስኑ፦ ቀጥታው ላይ፣ መስመራችሁን ሳትቀይሩ፣ ነዳጁን ትንሽ ለቃችሁ። ኮርክስክሩ መግቢያ ላይ ለማሳለፍ መሞከር ለሁለቱም ጉዳት ነው።

ስፓ

ኦ ሩዥና ራዲዮን የሚባሉት ኩርባዎች ስማቸው ገዝፎ ያስፈራል፣ ነጥብ የሚጠፋው ግን ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ፣ ላ ሱርስ በሚባለው የመጀመሪያ ኩርባ ሁሉም ውስጡን ይፈልጋል፤ እናንተ ሰፋ አድርጋችሁ ብትገቡ ከመውጫው በኋላ ባለው ቁልቁለት ሁለት ሰው ትበላላችሁ። ራዲዮን ጫፉ ላይ ወዲያ ማዶ ስለማይታይ፣ ቢጫ ባንዲራ (ፊት አደጋ አለ የሚል ምልክት) ካያችሁ ነዳጁን ከታች ሳላችሁ ልቀቁ። ጫፉ ላይ ስትደርሱ የተሽከረከረውን መኪና ብታዩትም መሸሻ የለም። ከዚያ በኋላ ኬሜል ቀጥታው ላይ ማለፍ ከየትኛውም ሰርኪዩት የቀለለ ነው፤ በማጣሪያው ወደ ኋላ ብትጀምሩም እዚህ ትመለሳላችሁ። ልምምዱን ፑዎን የሚባለው ኩርባና የመጨረሻው ቺኬን ላይ አውሉት።

ባትረስት፦ ሐረጎን የሚያውቅ ይገባዋል

አውስትራሊያ ውስጥ ያለ ተራራ ላይ የተሠራ፣ ውድድር በሌለበት ቀን 60 ኪ.ሜ በሰዓት የተፈቀደበት የሕዝብ መንገድ ነው። 23 ኩርባ አለው፤ ከታች እስከ ላይ ያለው የከፍታ ልዩነት 174 ሜትር ነው። ላይኛው ክፍል በግድግዳ የታጠረ ነው፤ ሌላ ቦታ ሣር ላይ ወጥታችሁ ሁለት ሰከንድ የምታጡበት ስህተት እዚህ ውድድሩን ያስጨርሳል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የሚወርድ ጎበዝ ሾፌር ኩርባው ሳይደርስ ማርሽ ቀንሶ ፍጥነቱን ይጨርሳል፤ ኩርባው ውስጥ ገብቶ ፍሬን አይፈልግም። ከስካይላይን እስከ ፎረስትስ ኤልቦ ያለው ቁልቁለት የሚፈልገው ይኸንኑ ነው። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላ ጎማ ይቀላል፤ በዚያ ላይ መሪው ዞሮ ፍሬን ከተረገጠ ጅራቱ ይቀድማል። ኤቢኤሱ ጎማ እንዳይቆለፍ ያደርጋል እንጂ ጅራቱን አይይዝላችሁም። የትራክሽን መቆጣጠሪያውን ከለመዳችሁት በአንድ ወይም ሁለት ደረጃ ጨምሩ፤ ካቲንግ የሚባለው ቦታ ላይ ሽቅብ ስትወጡም ይጠቅማል። ካቲንግ ጠባብና በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ እዚያ የተሽከረከረ መኪና መንገዱን ይዘጋል፣ ከኋላ የሚመጡት ሁሉ ይከመሩበታል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ካቲንግ ላይ ከፊታችሁ ካለው ሰው ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ራቁ።

ዝግጁ መሆናችሁን የምታውቁበት መለኪያ ይኸው፦ 10 ተከታታይ ዙር፣ ግድግዳ ሳይነካ፣ በጣም ፈጣኑና በጣም ዝግተኛው ዙር መካከል ከ2 ሰከንድ ያልበለጠ ልዩነት። ሁለት ሰዓት ሞክራችሁ ካልመጣ፣ ሦስተኛውን ሰዓት ለሱዙካ ስጡት።

እንግዲህ የትኛው ይጣል?

የሚጣለው ውጤት ለሰርኪዩት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ የመብራት ዋስትናችሁም እሱ ነው። ባትረስትን ሳትገቡ ከጣላችሁና ስፓ ላይ በ40ኛው ደቂቃ መብራት ከጠፋ ያ ዜሮ ይቆጠራል። ስለዚህ መጠባበቂያ ኃይል የሌለው ሰው ባትረስትም ይግባ፦ ከፒት ሌን (መኪኖች ለጥገና ከሚቆሙበት የጎን መንገድ) ተነሥቶ፣ ሁሉንም አስቀድሞ፣ በሚችለው በሦስት ሰከንድ ዝቅ ብሎ ይጨርስ። እዚያ ብዙ መኪና ግድግዳ ላይ ስለሚቀር እስከ መጨረሻው የቆየ ዝግተኛ ሾፌርም ነጥብ ያገኛል። መጠባበቂያ ያለውና መለኪያውን ያላለፈ ሰው ግን ባትረስትን ቢጥል ልክ ነው። በ10 ሰዓት ልምምድ ብንደለድልለት፦ ሱዙካ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ካያላሚ ሁለት፣ ስፓ ሁለት፣ ሞንዛ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ላጉና አንድ።

ነዳጁን በግምት አታስገቡ። አምስት ዙር ንዱና የወጣውን ለአምስት አካፍሉ። ለምሳሌ ሱዙካ ላይ 16.5 ሊትር ከወጣ በዙር 3.3 ነው። በ2፡04 የሚዞር ሰው በ60 ደቂቃ 29 ዙር ጨርሶ 30ኛውን ይጀምራል፤ ለ30 ዙር 99 ሊትር፣ ለመነሻው ዙርና ለመጠባበቂያ አንድ ተኩል ዙር ሲጨመር ወደ 104 ሊትር ይሆናል።

መጠባበቂያ ኃይል ያላችሁ ደግሞ ከውድድሩ ቀን በፊት ዋናውን መሰኪያ ነቅላችሁ ፈትኑት። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) የጨዋታ ኮምፒውተርን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ብልጭ ብሎ ለሚመለስ መብራት ይበቃል፣ ለረጅም መቋረጥ አይበቃም። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ምስሉ ስለሚዘገይ የፍሬም ገደቡን (በሰከንድ የሚሣለውን ምስል ብዛት) አስቀድማችሁ ዝቅ አድርጉ። ራውተሩ 12 ቮልት ከሆነ ለብቻው ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል። ሁልጊዜ የሚረሳው የስቲሪንጉ አዳፕተር ነው። ሎጊቴክ ጂ29 የሚባለው ስቲሪንግ ኃይሉ ጠፍቶ ሲመለስ ራሱን ለማስተካከል መሪውን በራሱ ግራና ቀኝ እስከ ጫፍ ያዞራል። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ ዩፒኤስ ላይ ሆነው እሱ ግድግዳው ላይ ከተሰካ፣ መብራቱ ለአንድ ሰከንድ ቢጠፋ እንኳ መኪናው ኬሜል ላይ ብቻውን ይታጠፋል። አዳፕተሩን ከስክሪኑ ጎን ሰኩት።